ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ፍሎክሰቲን ሲታዘዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ድብርት መድኃኒቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። ሕመምተኛው አስቀድሞ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ የሚለውን ግን አልነካውም።

በሰሜን ሸዋ ከቶንሲል በመጣ የልብ ሕመም ቫልቫቸው ተጎድቶ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚውጡ ሰዎች አሉ። ድብርት ሲጨመርባቸው ፍሎክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም ይታዘዝላቸዋል። የሁለቱ መድኃኒቶች ግጭት በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ጉበት ላይ ነው፦ ፍሎክሰቲን ዋርፋሪንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ስለሚያዳክም የዋርፋሪኑ መጠን ሳይጨመር አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ከፍ ሊል ይችላል። ይህ በላቦራቶሪ ይታያል። ሁለተኛው አይታይም። ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ቁስል ሲደፍኑ የሚረዳቸውን ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከደም ስበው ያከማቹታል። ፍሎክሰቲንም፣ ሌላው የድብርት መድኃኒት ሰርትራሊንም ይህን የመሳቢያ መንገድ ይዘጉታል። ስለዚህ አይኤንአሩ 2.5 ሆኖ፣ ወረቀቱ ላይ አንድም እንከን ሳይኖር፣ ጨጓራው የሚደማ ሰው አለ። «ምርመራው ጥሩ ነው» ተብሎ መሸኘቱ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

አብረው አይሰጡ ማለታችን አይደለም። ድብርቱ ያልታከመ ሰው ዋርፋሪኑንም በሥርዓት አይውጥም። ቀጠሮው ግን መቀየር አለበት፦ ፍሎክሰቲን ሳይጀመር አንድ አይኤንአር፣ በተጀመረ በሳምንቱ ሌላ፣ ከዚያም ለአንድ ወር ያህል በየሳምንቱ። ፍሎክሰቲን ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ልኩ ላይ እስኪደርስ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይፈጅበታልና በመጀመሪያው ሳምንት ውጤት መረጋጋት አይገባም። ሲቆምም እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ዋርፋሪኑ ተቀንሶ ከነበረ አይኤንአሩ ሳይታወቅ ይወርድና ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን በየሳምንቱ መመላለስ ለማይችል ሰው ሰርትራሊን በጉበት በኩል ይቀላል፤ በፕሌትሌት በኩል ግን ያው ነው። ሌላው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ፕሌትሌትን እምብዛም አይነካም፤ ይሁንና የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ልብ ለታመመ ሰው በዘፈቀደ የሚቀየር አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ሲደረብ ነው፦ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ። በምትኩ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በቀን ከ2 ግራም በላይ ለቀናት ከተወሰደ አይኤንአርን ከፍ ያደርጋል። ጾሙም አለ። በዐቢይ ጾም ጎመን ሲበዛ ዋርፋሪኑ ይደክማል፤ ፋሲካ አልፎ ጎመኑ ሲቀር ይበረታል። ፍሎክሰቲን በዚያው ሰሞን ከተጀመረ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ነስሩ አልቆም ያለ፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደኅና ቢመስልም ቀጠሮ ሳይጠብቅ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የልብ ክትትሉና የአእምሮ ሕክምናው የተለያየ ክፍል ስለሆነ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ላያየው ይችላል። የዋርፋሪን መከታተያ ደብተሩ ላይ የአዲሱ መድኃኒት ስም፣ መጠንና የተጀመረበት ቀን ይጻፍ፤ ጸሐፊ ከጠፋ ሕመምተኛው ራሱ የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያ ደብተሩ ውስጥ አስገብቶ ይዞ ይምጣ።

የመድኃኒት ባለሙያዎች
ከደብረ ብርሃን