የኮባልቱን ቀለም ተማሪው በዓይኑ ይየው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሀዋሳ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የኮምፕሌክስ ውህዶችን (መሀል ያለውን የብረታ ብረት አዮን ሌሎች ሞለኪውሎች ወይም አዮኖች የከበቡባቸውን) በጠመኔ ብቻ ማስተማራችን ያንገበግበኛል። ውድ መሣሪያ እኮ አይጠይቅም! ኮባልት ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሮዝ ነው፤ ኮባልቱን 6 የውሃ ሞለኪውሎች ከበውታልና። በርከት ያለ አሴቶን ቀስ እየተባለ ሲጨመርበት መጀመሪያ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ከዚያ ውሃው ቦታውን እየለቀቀ 4 ክሎራይድ የያዘው ሰማያዊ ኮምፕሌክስ ይበዛል፤ ውሃ ሲመለስበት ደግሞ እንደገና ሮዝ። ይህን ያየ ልጅ ኢኩሊብሪየምን፣ ማለትም ወደፊትም ወደኋላም የሚሄድ ለውጥ ሚዛንን፣ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ጥንቃቄው ግን የግድ ነው። ኮባልት መርዛማ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም፣ አሴቶንም እሳት አጠገብ አይቀርብም። የተረፈው ፈሳሽ ለብቻው ይጠራቀም፤ ወደ ሐይቃችን በሚወርድ ቦይ እንዳይደፋ አደራ!

የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ የላብራቶሪውን በር ክፈቱልን። ጓንቱንና አሴቶኑን በዘንድሮው በጀት አስገቡልን።