ስለ ተቆፈረው መሠረት፣ ለእድራችን አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ለአዲሱ ፎቅ የተቆፈረውን ጉድጓድ ዛሬ ጠዋት አየሁት። ጠርዙ በቁመቱ ተሰንጥቋል፣ የወጣው አፈርም እዚያው ጫፉ ላይ ተከምሯል። ከለላው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እሱም አይታይም። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ካገኘው መንገዱም አብሮ ይናዳል።

ባለቤቱ ዛሬውኑ በቆርቆሮ ሊያጥርና አፈሩን ሊያርቅ ቃል ገብቶልኛል። እስከዚያው ልጆቻችሁን በላይኛው መንገድ ላኩ።

ድንገት ተንዶ ሰው ቢያዝ፣ እባካችሁ ማንም ዘሎ አይግባ፤ ሁለተኛ ናዳ አዳኙንም ይቀብራል። ሁሉም ከጠርዙ ይራቅ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። አንድ ወጣት ዋናው አስፋልት ላይ ቆሞ ይቀበላቸው፤ ሰፈራችን ለእንግዳ ያደናግራል።

የእድሩ ጸሐፊ