ለዶሮ አርቢ አባሎቻችን፦ ስለ ሐሞት አሲድ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ በተለመደው ቦታችን እንገናኛለን። የምንነጋገረው መኖ ላይ ስለሚጨመረው የሐሞት አሲድ ነው።

ጉበት ከኮሌስትሮል የሚሠራው ይህ አሲድ ስብን በጥቃቅኑ ይበታትናል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነት እንዲገቡም ያግዛል። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቂ አታመነጭም፤ ዘይት የበዛበት መኖ ከሰጣችኋት ከፊሉ ዘይት በኩስ ይወጣል።

ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ግን ከአሳማ ሐሞት የተሠራ ነው። ይሄ ለብዙዎቻችን ቀላል ነገር አይደለም፤ ሳትጠይቁ እንዳትገዙ። ከበሬ የሚሠራም አለ።

«ከቄራ ጥሬውን አምጥተን ብንደባልቅስ?» ላላችሁን፦ ኧረ ተዉት! ያልተጣራ ሐሞት ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ መጠኑም አይታወቅም። የሐሞት አሲድ ክትባትንም አይተካም።

የመኖ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ዋጋውን አብረን እናሰላለን።