ሩጫው የሚጀመረው ቅዳሜ ማታ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንባብያን ዓምዳችሁ ላይ አንድ የከተማችን ነዋሪ «በሩጫ ሰበብ እሑድ መንገድ እየተዘጋብን ነው፤ ለሐዋሳ ምን ተረፋት?» ብለው የጻፉትን አነበብሁ። በመንገዱ ነገር እውነታቸውን ነው። ቅዳሴ የሚሄድ አለ፣ ሕመምተኛ ይዞ የሚሮጥ አለ። የቱ መንገድ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ቀደም ብሎ በየሰፈሩ በድምፅ ማጉያ ቢነገር ግን ሰው ራሱን ያዘጋጃል። «ምን ተረፋት?» ላሉት እኔም የምለው አለኝ። ፒያሳ አካባቢ ዘጠኝ ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ፤ የሐዋሳ ግማሽ ማራቶን በመጣ ቁጥር የሚሆነውን ሁሉ ከመቀበያው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

አዘጋጁ ያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በ10 ሺሕ ሯጭ የጀመረው። በሰው ብዛት የእኛው ከአዲስ አበባው አጠገብም አይደርስም። ነገር ግን የአዲስ አበባው ሯጭ አብዛኛው ከቤቱ ተነሥቶ፣ ሮጦ፣ ላቡን ሳያደርቅ ቤቱ የሚገባ ነው። ወደ ሐዋሳ የሚመጣው 275 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ነውና የግድ ያድራል። ያደረ ሰው ይበላል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ የረሳውን ካልሲ ይገዛል፣ ለቤተሰቡ ቡና ይቋጥራል። ጥቅሙን የሚፈልግ ሰው እሑድ ጠዋት አስፋልት ላይ ቆሞ ከሆነ አያገኘውም፤ ቅዳሜ ማታ መምጣት ነበረበት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እንግዳው ሻንጣውን ሳያወርድ የሚጠይቀኝ ፓስታ የት እንደሚገኝ ነው። ከጎኔ ምግብ ቤት ያላት ጎረቤቴ ሌላ ቅዳሜ ማታ የሚወጣላት ጥብስና ክትፎ ነው። በሩጫው ዋዜማ ትልቁን ድስት ጥዳ ፓስታ በስጎ ስትሠራ ታመሻለች፤ ሥጋ የሚያዝ የለም፣ ቢራም የሚነካ የለም። ቢራው እሑድ ነው! ለዚያች ማታ ሁለት ልጆች በቀን ሒሳብ ትቀጥራለች፣ አንዷ የእኔው የጽዳት ሠራተኛ እኅት ናት። ማዶ ያለችው ሙዝ ሻጭ በበኩሏ ቅዳሜ ከእኩለ ቀን በፊት ሁለተኛ ጭነት ታስመጣለች፤ የሙዝ ገበያዋ ከረመዳን ቀጥሎ የሚደራው በሩጫው ነው ትላለች።

ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን ግቢው በሻይ ሽታ ይሞላል፣ ባጃጆች በር ላይ ተሰልፈዋል። አዲስ አበቤዎቹ ከ2,300 ሜትር በላይ ኖረው ወደ 1,700 ሜትር ሲወርዱ «ትንፋሻችን ቀለለን» ይላሉ። ሲመለሱ ደግሞ ስለ ትንፋሽ የሚያወራ የለም፣ ሁሉም ስለ ፀሐዩ ነው። ከ21 ኪሎ ሜትሩ ሌላ አጠር ያለ ርቀትም የልጆች ሩጫም ስላለ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቤተሰብ ደግሞ እንደ ብቸኛ እንግዳ አንድ ሳንዱች በልቶ አይተኛም። የሰፈራችን ልጆችም ቁጥር ሳይለጥፉ በኮንጎ ጫማ ከሯጩ ጎን ጎን ይበራሉ። ከልካይ ሲመጣ ዛፍ ሥር ይሸሸጋሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። እነዚህን ልጆች በቅናሽ ወይም በነጻ የሚያስመዘግብ ነጋዴ ከመካከላችን መጥፋቱ ያሳፍራል።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ ሃይላንዱ። ባለፈው አንድ ልጅ ማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ሯጮች የወረወሩትን የውኃ ፕላስቲክ ሲለቅም ቆሜ አየሁት። በእያንዳንዱ የቀረችውን ውኃ ደፍቶ፣ በእግሩ ጨፍልቆ፣ ክዳኑን መልሶ እየገጠመ ነው የሚከተው፤ ጆንያው ሲሞላ ለቆራሌው ይሸጣል። ለእሱ ገቢ ነው። እሱ ያልደረሰበት ግን በዝናብ ቦዩ ይዞት የሚሄደው ወደ ሐይቁ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በየውኃ ማደያው ሁለት ሁለት ወጣት በአበል ቆሞ ቢለቅም ያው ገንዘቡ እዚሁ ሰፈር ይገባል፣ ሐይቁም ያርፋል።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ አልጋ ቤቶቹ። በዚያች አንድ ሌሊት ዋጋ እጥፍ የምናደርግ አለን። ባለፈው አንድ ወጣት ማታ 4 ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። ቀብድ ከፍሎ የያዘውን ክፍል፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል የተሻለ ለከፈለ ሰጥቶበት ነው። ክፍል አልነበረኝም፤ «እናቴ፣ ወለሉም ይበቃኛል» ሲለኝ መቀበያው ጥግ ፍራሽ አነጠፍሁለት። ገና ሳይነጋ ቁጥሩን ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሲያያይዝ «ከዚህ በኋላ የሚሮጥ ካለ ይሩጥ» እያለ ያጉረመርም ነበር። ይህ ልጅ አዲስ አበባ ተመልሶ ስለ ሐዋሳ ምን እንደሚያወራ መገመት አይከብድም። የዚያ ሆቴል ትርፍ የአንድ ሌሊት ነው፤ የሚያጣው ደግሞ የእኔንም፣ የጎረቤቴንም፣ የሙዝ ሻጯንም ደንበኛ ነው።

ትልቁ ኪሳራችን ግን የእሑድ ቀትር ነው። ሩጫው ከቀትር በፊት ያልቃል፤ እንግዳው ታጥቦ፣ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አውቶቡሱ ውስጥ ይገባል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ፔንሲዮኔ ባዶ ነው። ብዙዎቹ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ ሳይቀምሱ፣ ታቦር ተራራ ላይ ሳይወጡ፣ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበትን ጉዱማሌን ሳያዩ ይሄዳሉ። ቡርሳሜ ምን እንደሆነ ጠይቆኝ ሳይበላው የሄደ እንግዳ አለ። ቡድን ይዘው የሚመጡ ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶች የአውቶቡሱን መነሻ ወደ 9 ሰዓት ቢገፉት ከተማዋ አንድ ሙሉ ምሳ ታገኛለች። ሹፌሩም ቢሆን አርፎ ይነዳል።

እኛም በበኩላችን የምንችለው አለ። እሑድ ክፍል የሚለቀቅበትን ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለ ጭማሪ እናራዝም፤ እኔ ከሚቀጥለው ሩጫ እጀምራለሁ። ሙቅ ውኃውን በተመለከተ ግን ቃል አልገባም፤ መብራት ኖሮ ከሆነ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሐዋሳ፣ ፒያሳ