መሳቢያውን ገልብጣችሁ እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ዕትማችሁ ቤተሰብ ይዞ የሚኬድባቸውን የቨርጂኒያ ቦታዎች ስትጽፉ የቅኝ ግዛት ዘመን ኑሮ የሚታይባትን ዊሊያምስበርግን በማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን የፈረስ ጋሪውንና የድሮ አለባበሱን አውርታችሁ፣ ኒኮልሰን መንገድ ላይ ያለውን የእንጨት ሥራ ቤት ዘለላችሁት። እኔ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የኩሽና ካቢኔ የምሠራ አናጢ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ባለፈው ወር ልጄን ይዤ በአውራ ጎዳና 95 ወርደን፣ በ64 ታጥፈን ሄድን። ቤቱ በቅኝ ግዛት ዘመን አንተኒ ሄይ የሚባል የቤት ዕቃ ሠሪ ይሠራበት የነበረው ነው፤ እንደገና ተገንብቷል። ሥሩ ጅረት ያልፋል። ቦታው ሲቆፈር ከረጠበው አፈር ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የቆየ እንጨት ሳይበሰብስ ተገኝቷል። አየር ያላገኘ እንጨት ቶሎ አይበሰብስማ።

ውስጥ ማሽን የለም። የሚሰማው መጋዝና መላጊያ ብቻ ነው። ኮላው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ የወጣ ነው፤ በትኩሱ ይቀባል። ዕቃው ከዓመታት በኋላ ቢሰበር በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ መጠገን ይቻላል። እኔ የምጠቀምበት ኮላ አንዴ ከያዘ እንጨቱ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይለቅም።

ሠራተኛው አንድ መሳቢያ ስቦ አወጣና ገለበጠልኝ። ፊቱ ማሆጋኒ የሚባል ውድ እንጨት ነው፤ ያብረቀርቃል። ሆዱ ግን ርካሽ ጣውላ። «እጅህን አሳልፍበት» አለኝ። መላጊያው የሄደበት ቦይ በጣት ይቆጠራል። የድሮዎቹ አናጢዎች ሰው በማያየው በኩል ጊዜ አያባክኑም ነበር። ማዕዘኑ ላይ ግን አንድ ምስማር የለም፤ ሁለቱ ጣውላዎች ጥርስ በጥርስ ተናክሰው ነው የተያያዙት። አባቴም አናጢ ነበር። እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ በመሮ ሲያወጣ አጠገቡ ሆኜ ሰጋቱራ እጠርግ ነበር። ልጄ መሳቢያውን ከእጄ ተቀበለና «አያቴ ይሄን ይሠራ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት ማን ያስወጣው!

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ሄይ እ.ኤ.አ. በ1767 ሙያውን ትቶ ራሌይ የተባለውን መሸታ ቤት ያዘ። በ1770 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ንብረቱ ሲሸጥ ማስታወቂያው በጋዜጣ ወጣ። ለሽያጭ ከቀረቡት በባርነት የተያዙ ሰዎች አንዱ በጣም ጎበዝ የቤት ዕቃ ሠሪ ነው ይላል። ሰው ነው እንግዲህ፣ ሙያው ለገዢ ማማለያ ሆኖ የተጻፈው። ከዚያ ቤት ወጣ የሚባል ወንበር ዛሬ በሄይ ስም ይጠራል። እግሩን የጠረበው፣ መደገፊያውን የቀረጸው እጅ ግን የማን ነበር? ሠራተኛውን ይህንኑ ጠየቅኩት። መላጊያውን አስቀምጦ፣ ጊዜ ወስዶ አስረዳኝ። አመሰግነዋለሁ።

ቦታ ካላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ይህን ጨምሩልኝ። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ወላጆች፣ እዚያ ቤት ግቡና መሳቢያ ገልብጠው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ለሽያጭ ስለቀረበው አናጢም ጠይቁ፤ ልጆቻችሁ ይስሙ።

አክባሪያችሁ
አንድ አናጢ፣ ከአሌክሳንድሪያ