አንድ ረድፍ ምን ይላል?

ጅማ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ ሲጠፋብህ ምን ነካው ሳትል እንዳልቀረህ አውቃለሁ፤ አንተም ብትሆን በዝምታው አግዘኸኛልና እንቻቻል። ዛሬ ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጣው የጋራ ወዳጃችን የነገረኝ ወሬ ነው። ከመሥሪያ ቤትህ ሥራ ጎን ለጎን ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ለማታ ተማሪዎች የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) መግቢያ ትምህርት እንድታስተምር መመደብህን፣ «ከምን ልጀምር?» እያልህም መጨነቅህን አጫወተኝ። እኔ እዚህ ይህንኑ ኮርስ ሳስተምር ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ የሌላውን ኑሯችንን ጉዳይ ለሌላ ደብዳቤ ትቼ በዚህ ነገር ላይ ብቻ የማስበውን ልጽፍልህ ወደድሁ።

የተለመደውን አካሄድ ታውቀዋለህ። በመጀመሪያው ሳምንት የመረጃ ቋት ምንነት ይተረጎማል፤ ከተራ ፋይል የሚሻልባቸው ነጥቦች ይዘረዘራሉ፤ ቀጥሎ ሦስቱ የመረጃ ቋት እርከኖች፣ የኢአር ሥዕል (ነገሮችንና ግንኙነታቸውን የሚያሳየው)፣ ሪሌሽናል አልጀብራ (የሠንጠረዦች ሒሳብ)፣ ኖርማላይዜሽን (መደጋገምን ለማስቀረት ሠንጠረዥን መከፋፈል) እያለ ይሄድና የመረጃ ቋት የሚጠየቅበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ ወደ መጨረሻው ይገፋል። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ተማሪዎች ትርጓሜ ለመሸምደድ ያላቸው ጉጉት ጨምሯል፤ በዚህም አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ኮርሱን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ማዞር ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄውም «ይህ ረድፍ ምን ይላል?» የሚል ነው። ተማሪው ሴሌክት፣ ፍሮም፣ ዌር እያለ የኤስኪውኤል ትእዛዝ መጻፉን በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። አንድ ሠንጠረዥ አሳይተኸው እያንዳንዱ ረድፍ ስለ ማን ወይም ስለ ምን እንደሚመሰክር በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲነግርህ ስትጠይቀው ግን ይደናገራል፤ ኋላ በፕሮጀክቱ ላይ የምታገኛቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ መደናገር ነው።

ሐሳቡን ከራሴ አላመነጨሁትም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ሳለ መረጃን በሠንጠረዥ የሚያስቀምጠውን የሪሌሽናል ሞዴል ሲያቀርብ፣ መረጃ ፈላጊው መረጃው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተደረደረ ሳያውቅ መጠየቅ መቻል አለበት ብሎ ነው የተነሣው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሥርዓቶች ፕሮግራመሩ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መንገድ ራሱ እየተከተለ ይሄድ ነበር፤ መንገዱ ሲለወጥ ፕሮግራሙም አብሮ ይበላሻል። ኮድ የሒሳብ ሰው ስለነበር ሠንጠረዥን የረድፎች ስብስብ አድርጎ ወሰደው፤ እያንዳንዱም ረድፍ እውነት ነው ተብሎ የተመዘገበ አንድ አባባል ሆነ። በ1974 ቻምበርሊንና ቦይስ ኋላ ኤስኪውኤል የሆነውን ቋንቋ፣ በ1976 ደግሞ ፒተር ቼን የኢአርን ሞዴል ይዘው መጡ። ይህን ታሪክ በሩብ ሰዓት እጨርሰዋለሁ፤ ዓመቶቹንም በፈተና አልጠይቅም።

ለምሳሌ የምጠቀምበት ነገር ከደጃችን የሚገኝ ነው። በዚህ ወቅት በጅማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ቀዩን እሸት ቡና እየለቀሙ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያወርዳሉ፤ ከተማሪዎቼ መካከል የቡና ገበሬ ልጆች ስላሉ ሚዛኑንም መዝገቡንም ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በመጀመሪያው ቀን በሰሌዳው ላይ አንድ ሰፊ መዝገብ እሠራለሁ፤ ቀን፣ የገበሬው ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ኪሎ፣ የኪሎ ዋጋ። አንዱን ገበሬ ሦስት ጊዜ አስገባውና በሦስተኛው ላይ ስልኩን ለውጬ እጽፋለሁ። ከዚያም «የዚህ ሰው ስልክ የትኛው ነው?» እላለሁ። አንዱ የመጨረሻውን ይመርጣል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ የተጻፈው ይበልጣል ብሎ ይከራከራል። ቀጥዬ ተመዝግቦ ገና ቡና ያላመጣውን ገበሬ የት እንጻፈው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ኪሎው ባዶ ይሁን የሚል አይጠፋም። በመጨረሻም አንድ ጊዜ ብቻ ያስረከበውን ሰው ርክክብ ብንሰርዘው ሰውየው ራሱ ከነስልኩ ከመዝገብ እንደሚጠፋ ያዩታል። ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ስልክ ስለ ገበሬው፣ ወረዳ ስለ ቀበሌው፣ ኪሎ ስለ ርክክቡ የሚናገር መሆኑን ለመለየት አይቸገሩም፤ ሦስተኛው ኖርማል ፎርም የሚባለውን የኖርማላይዜሽን ደረጃ ስሙን ሳይሰሙ ሠርተውታል።

ዋጋው ላይ ግን ቆም በል፤ ጎበዞቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። መደጋገምን መጥላት ከተማሩ በኋላ የኪሎውን ዋጋ ከርክክቡ ነቅለው በቡና ዓይነት ሠንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ዋጋ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ሲያዩት ንጹሕ ነው። የእሸት ቡና ዋጋ በለቀማው ወራት ሲወጣ ሲወርድ የሚከርም ነውና፣ ዛሬ ዋጋውን ሲያድሱት ትናንት የተከፈለው ሒሳብ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። «የዚህ ቡና ዋጋ አሁን ይህ ነው» የሚለውና «በዚያ ቀን ለዚያ ርክክብ የታሰበው ዋጋ ይህ ነበር» የሚለው ሁለት የተለያዩ ምስክርነቶች ናቸው፤ ቁጥሩ ቢመሳሰልም እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል። ለዚህ ነጥብ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ብትሰጠው አይቆጭህም።

ጆይንን፣ ማለትም ሠንጠረዦችን ማጣመርን፣ ካስተማርህ በኋላም ያው ጥያቄ ይመለሳል። አንድ ገበሬ 40፣ 35 እና 25 ኪሎ በሦስት ጊዜ አስረክቧል እንበል፤ ድምሩ 100 ነው፤ ክፍያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተቀብሏል። ተማሪው ገበሬን ከርክክብም ከክፍያም ጋር በአንድ ጥያቄ አጣምሮ ኪሎውን ሲደምር 200 ይወጣለታል፤ እያንዳንዱ ርክክብ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ስለተጣመረ ስድስት ረድፍ ተፈጥሯልና። የክፍያው ድምር ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ኮምፒውተሩ አንዳች የስሕተት መልእክት አያሳይም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ብዙዎቹ ተመሳሳዩን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወስደውን ዲስቲንክት ጨምረው ለማዳን ይሞክራሉ፤ ሁለት ርክክቦች እኩል 40 ኪሎ የሆኑ ዕለት ግን አንዱ ይዋጥባቸዋል። የተጣመረው ረድፍ ምን እንደሚል ሲጠየቁ ርክክቡን ከክፍያው ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ ይገባቸዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ደምረው ድምሮቹን ማጣመሩ በራሱ ይመጣል።

ከባሕር ማዶ በተጻፉት የመማሪያ መጻሕፍት የማታገኛቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ስምና ቀን። ስምን ፕራይመሪ ኪ (የረድፉ መለያ) ለማድረግ የሚሞክር ተማሪ ሁልጊዜ አለ። ኃይሉን በሀ፣ በሐ እና በኀ ጽፌ እኩል መሆናቸውን አስጠይቀዋለሁ፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ፊደላትን በቁጥር በሚወክለው በዩኒኮድ ሦስቱ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው መልሱ «አይደሉም» ነው። እዚህ ጅማ ደግሞ ጫላ የሚለው ስም በቁቤ አንድ ዓይነት፣ እንግሊዝኛን በሚከተለው አጻጻፍ ሌላ ዓይነት ፊደል ይይዛል። የስልክ ቁጥር ይሁን ቢሉ ይቀየራል፤ የፋይዳ ቁጥር ቢሉ ቁጥሩን ገና ያልያዘ ገበሬም ቡናውን ጭኖ ይመጣል። ስለዚህ ሥርዓቱ ራሱ የሚሰጠው መለያ እንደሚያስፈልግ ይስማማሉ፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበን ሰው የማወቁ ጣጣ ግን እንደማይቀርላቸውም ንገራቸው።

ቀኑ ይብሳል። ፖስትግሬስ በሚባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር የቀን ዓምድ ውስጥ ጥቅምት 30ን 2017-02-30 ብለህ ብታስገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ አይቀበልህም፤ ጳጉሜንም እንደ አሥራ ሦስተኛ ወር አያስገባም። ይህ መልካም ነው፤ ቢያንስ ተናግሯል። ከጥር 28 እስከ የካቲት 2 ያለውን ልዩነት 2017-05-28 እና 2017-06-02 ብለህ ስትጠይቀው ግን ሜይ 31 ቀን ስላለው 5 ይልሃል፤ በእኛ አቆጣጠር 4 ነው። በእኔ አስተያየት ውስጡ በጎርጎርዮሳዊው ይቀመጥ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጠው ለሰው ሲታይ ብቻ ይሁን፤ ዓምዱም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ናልን (ዋጋው ያልታወቀ ባዶ ቦታን) በአንድ ምሳሌ እለፈው። ሁለት ተማሪዎች 80 እና 60 አገኙ፤ ሦስተኛው ከፈተናው ቀረ፤ ውጤቱ ናል ሆነ። አማካዩ 70 ይወጣል፤ ዜሮ ቢጻፍለት ኖሮ ከ47 በታች ይወርድ ነበር። ከ50 በታች ያገኙትን ብትጠይቅ ቀሪው ልጅ አይወጣም፤ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙትንም ብትጠይቅ አይወጣም። ክርክሩን እነሱው ያደርጉታል።

ትራንዛክሽንን (ወይ ሁሉም የሚፈጸሙ ወይ ሁሉም የሚቀሩ ሥራዎችን) ለማስተማር በጽሑፍ አትድከም። ለዚሁ የተለየ አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ፤ ፖስትግሬስ ተጭኖበታል። ትራንዛክሽን ከፍተን ከአንዱ ሒሳብ 500 ብር እንቀንስና ወደ ሌላው ሳንጨምር ገመዱን ከሶኬቱ እነቅላለሁ። ማሽኑ ተነሥቶ ሥርዓቱ የለውጦቹን መዝገብ አይቶ ሲመለስ 500 ብሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ጊዜ ወደ ሌላውም ጨምረን ኮሚት (ይጽና) ካልን በኋላ እነቅለዋለሁ፤ ዝውውሩ እንደተፈጸመ ይገኛል። በቴሌብር ገንዘብ ሲልኩ መብራት ወይም ኔትዎርክ የሄደባቸው ልጆች ስለሆኑ ጥያቄው ይጎርፋል። የትራንዛክሽንን ሐሳብ ያዳበረውን የጂም ግሬይን ስም የማነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ መሣሪያ ከጠየቅኸኝ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኤስኪውላይት የተባለው ቀላል የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ይበቃል፤ ሰርቨር አይፈልግም፤ የመረጃ ቋቱም አንድ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ይዞራል። ሁለት ነገር ግን ልብ በል፤ የፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ረድፍ የሚያመለክት መለያ) ቁጥጥሩ በነባሪው ዝግ ስለሆነ በየግንኙነቱ ካልተከፈተ የሌለ ገበሬ ርክክብም ዝም ብሎ ይገባል፤ ራሱን የቻለ የቀን ዓይነትም የለውም፤ ስለዚህ የቀኑን ሙከራ በፖስትግሬስ አሳያቸው። ኢንዴክስን (ፍለጋን የሚያፋጥነውን ማውጫ) በአንድ ክፍለ ጊዜ ቋጨው። የተበተኑ የመረጃ ቋቶችን ለከፍተኛው ኮርስ ተወው፤ ሪሌሽናል አልጀብራውንም አታስረዝመው።

በፈተና ላይ ረጅም ኤስኪውኤል በወረቀት ማስጻፍ አልወድም፤ የተረሳ ነጠላ ሰረዝ ማረም ይሆናል። ትንንሽ ሠንጠረዦችን ከነረድፎቻቸው ሰጥቼ አንድ የተጻፈ ጥያቄ ምን እንደሚያወጣ፣ የወጣውም ረድፍ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢሆን እንዲያስረዱኝ አደርጋለሁ። ለማረም ጊዜ ይወስዳል፤ የሸመደደውን ከገባው ለመለየት ግን የተሻለ አላገኘሁም።

የቡናውን መልመጃ ከነረድፎቹ በኢሜይል እልክልሃለሁ፤ እንደወደድህ ለውጠው። አንተ ደግሞ በፋንታው፣ የሰው መረጃ ሳትነካ፣ በሥራህ ላይ ድምሩ አልገጥም ብሎ ያስቸገራችሁ ጥያቄ ካለ የሠንጠረዦቹን ቅርጽ ብቻ ጽፈህ ላክልኝ፤ ለመጪው ሴሚስተር ከቡና ሌላ ምሳሌ ያስፈልገኛል። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ከጅማ