የሦስተኛው አልጋ ጉዳይ

ይድረስ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መኖሪያ ለምታቅዱ፣ በጀት ለምትመድቡና ፕላን ለምታጸድቁ የመንግሥት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ለሁለት ሰው በተሠራ ክፍል ሦስት ሰው ስለማስገባት፣ ከዚያም ስለሚከተለው ጣጣ

ክቡራን፣

አራት ዓመት ዶርም ኖሬያለሁ። ዶርም የኖሩ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ዶርሜቱ ሲያንኮራፋ መስኮት ይርገበገብ ነበር። የአንዷ ዶርሜት የሰው ሳሙና እየጨረሰች አስቸግራለች። ሌላው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ በስልክ ከፍቅረኛው ጋር ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይታረቃል፣ ሁለቱንም ክፍሉ በሙሉ ይሰማል። እንስቃለን። ግን ሁላችንም ዘንድ የማናወራት አንዲት ታሪክ አለች። እኔ የራሴን ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የደረሰን ክፍል የሁለት ሰው ነበር። ሁለት አልጋ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ሎከር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አልጋ ተሸክመው መጡና ከበሩ ጀርባ አስገቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ እስከ መጨረሻው መከፈት አቆመ። በጎን እየሾለክን መግባት ለመድን። ከአልጋው ኋላ ልጁ መጣ። ዝምተኛ ነው፤ ሰላምታው እንኳ በለሆሳስ።

ማብሪያ ማጥፊያው ያለው በሩ ጋ ነው። ስለዚህ መብራት ማጥፋት የእሱ ሥራ ሆነ። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አልወሰነም። እኔና ጓደኛዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን «እስኪ አጥፋልን» እንላለን፤ እሱ ይነሳል። ሰው ሲያንኳኳም የሚነሳው እሱ ነው። አምሽቶ የሚገባ ሰው ጉልበቱ የሚጋጨው ከእሱ አልጋ ጋር ነው። ሶኬቱ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም በእኛ በኩል። ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ በፈለገ ቁጥር «ይቻላል?» ብሎ ይጠይቃል። በየቀኑ! በገዛ ክፍሉ!

ከወር በኋላ ኩባያውን ሻንጣው ውስጥ መቆለፍ ጀመረ። ሎከር አልደረሰውማ። እኛ ተቀየምን። «ምን አድርገነው ነው?» ተባባልን። እውነት ለመናገር ምንም አላደረግነውም። አልሰደብነውም፣ ዕቃውን አልነካንም። ብቻ እኔና ጓደኛዬ ቀድመን ተዋውቀን ነበር፤ ቀልዳችን አንድ ነው፤ ላይብረሪ የምንሄደው አብረን ነው። እሱ ሲገባ ወሬያችን ዝቅ ይላል። ሴሚስተሩ ሳያልቅ አንድ ቀን ከክላስ ስንመለስ ፍራሹ ተጠቅልሎ አገኘነው። የት እንደሄደ አልጠየቅንም። የዚያን ዕለት ማታ እኔና ጓደኛዬ መብራቱን ማን ተነስቶ ያጥፋ በሚለው ተጨቃጨቅን።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ የጠባይ ጉዳይ አድርጌ ነው የያዝኩት። እሱ ዝምተኛ ነበር፣ እኛም ልጆች ነበርን፣ አለቀ። በኋላ ግን ስለ ተማሪ መኖሪያ የተጠኑ ጥናቶች እጄ ገቡ። ሳነብ ደነገጥኩ። የእኛን ክፍል አይተው የጻፉት ነው የሚመስለው።

በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ሲጠባቸው ለሁለት ሰው በሠሩት ክፍል ሦስት ተማሪ ማስገባት ጀመሩ። አንድሩ ባውም የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እነዚህን ክፍሎች አጠኑ። ሦስት ሰው ሲሆን ሁለቱ ይጣመራሉ፣ አንዱ ይቀራል። ያ የቀረው ልጅ ክፍሉ ከሌሎቹ ይልቅ ይጠበዋል። በክፍሉ ላይም ሥልጣን ያለው አይመስለውም። ልብ በሉ፤ ስፋቱ ለሦስቱም አንድ ነው። የሚጠበው ግን አንዱ ነው። አራት ሰው ቢሆን ቢያንስ ሁለት ለሁለት መሆን ይቻላል። ሦስት ቁጥር ግን መውጫ የለውም።

እና ክቡራን፣ ያ ልጅ ከክፍላችን የወጣው በእኔ ክፋት ብቻ አይደለም። እኔ ድርሻዬን እወስዳለሁ። እናንተም የእናንተን ውሰዱ። የተማሪው ቁጥር ሲጨምር ቀላሉ መፍትሔ አልጋ መጨመር ነው፤ ወረቀት ላይ በጣም ያምራል። «አቅማችንን በግማሽ አሳደግን» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ሎከሩ፣ ሶኬቱና ጠረጴዛው ግን ሁለት እንደሆኑ ይቀራሉ፤ የእኛ ሶኬትማ ድሮም አንድ ነበር። ግድ ከሆነና ማጨናነቅ ካልቀረ፣ እባካችሁ በጎደሎ ቁጥር አታጨናንቁን። አልጋ ስትጨምሩም ሶኬትና ሎከር አብራችሁ ጨምሩ። ኤክስቴንሽን ገመድ ላይ ስንት ወዳጅነት እንደፈረሰ ብታውቁ!

ስለ ኮሪደርም አንድ ነገር ልበል። ይህኛውም ጥናት የባውም ነው፤ ከስቱዋርት ቫሊንስ ጋር በ1977 ያሳተሙት። ሁለት ዓይነት ዶርም አወዳደሩ። በአንደኛው ረጅም ኮሪደር አለ፣ ግራና ቀኝ በር ብቻ፣ ከሠላሳ በላይ ተማሪ አንድ መታጠቢያና አንድ ሳሎን ይጋራል። በሌላው አራት ወይም ስድስት ተማሪ የራሱ ትንሽ ሳሎንና መታጠቢያ አለው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስፋት ተቀራራቢ ነው። የረጅሙ ኮሪደር ልጆች ግን ሕንፃው ተጨናንቋል ይላሉ፣ ሰው ይሸሻሉ። ከዶርሙ ውጪ ወስደው ከማያውቁት ሰው ጋር መጠበቂያ ክፍል ሲያስቀምጧቸው እንኳ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ዞር አሉ። ጠባይ ይዘው የወጡት ከኮሪደሩ ነው።

እኔን የገረመኝ ደግሞ የሚቀጥለው ነው። ባውም ከግሌን ዴቪስ ጋር አንድ ረጅም ኮሪደር መሐሉ ላይ በር አስገብተው ለሁለት ከፈሉት። አዲስ ሕንፃ አልሠሩም። መሐል ላይ ያሉ ጥቂት ክፍሎችን ሳሎን አደረጓቸው፣ በር ገጠሙ፣ በቃ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እዚያ ያሉ ተማሪዎች መጨናነቁ ቀለላቸው፣ ጎረቤቶቻቸውንም ይበልጥ ለመዱ። ውጤቱ በ1980 ታትሟል። አርባ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። አሁንም ግን ረጅም ኮሪደር ይሠራል፤ ርካሽ ነዋ።

ርካሽ ሲባል ሌላ ትዝ አለኝ። በ2021 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ 4,500 ተማሪ የሚይዝ ሕንፃ ሊሠራ ታቅዶ፣ አብዛኛው መኝታ ክፍል መስኮት እንደሌለው ሲታወቅ ጉድ ተባለ። ሐሳቡ የቢሊየነሩ ቻርሊ መንገር ነበር፤ ብር እሰጣለሁ፣ ግን እኔ ባልኩት ፕላን ይሠራ ብሎ። ፕላኑን የሚገመግም ኮሚቴ ውስጥ የነበረ አርክቴክት ተቃውሞ ለቀቀ። በኋላ ዕቅዱ ቀረ። መስኮት የሌለውን ክፍል ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ይጮህበታል። ሦስተኛ አልጋ ግን ፎቶ ላይ አያስደነግጥም።

አሁን ወደ ምደባው ልምጣ። ከማን ጋር እንደምንኖር የሚወስንልን ብዙ ጊዜ የስም ዝርዝር ነው። ፊደል ተራ ስማችንን አጎራበተው፣ አብረን እንደር። በዕጣ መመደብ በራሱ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ተመራማሪዎች ይወዱታል፤ ዶርሜት በሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ የሚለካው በዕጣ ሲመደብ ነውና። ማይክል ክሬመርና ዳን ሌቪ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት መጠጥ ከሚጠጣ ልጅ ጋር በዕጣ የተመደቡ ወንድ ተማሪዎች ውጤታቸው ከሌሎቹ በአማካይ ሩብ ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሩብ ነጥብ ለእናንተ ትንሽ ልትመስል ትችላለች። ስኮላርሺፕ ጫፍ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ልጅ ግን ትንሽ አይደለችም።

ደግ ወሬም አለ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ዘር ዶርሜት የደረሳቸው ነጭ ተማሪዎች ለጥቁሮች ያላቸው መጥፎ ግምት ቀነሰ። ጥቁር ተማሪዎች ደግሞ ውጤታቸው ተሻሻለ። ጥናቱ የወጣው በ2022 ነው። አሜሪካ ያለው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ አዲስ ገቢዎች ዶርሜታቸውን ራሳቸው እንዳይመርጡ የከለከለውም፣ የሚመሳሰሉ ልጆች ገና ሳይመጡ በኢንተርኔት እየተፈላለጉ አንድ ክፍል መግባት ስላበዙ ነው።

ታዲያ እንመሳሰል ወይስ እንቀላቀል? የእኔ መልስ አጭር ነው። እንቅልፋችንን አመሳስሉ፣ አመጣጣችንን ቀላቅሉ። ከየት እንደመጣሁ፣ ምን ቋንቋ እንደምናገር፣ ምን እንደማመልክ ለምደባ አትጠቀሙበት። ስንት ሰዓት እንደምተኛ ግን ጠይቁኝ። የሰውነት ሰዓት ከልጅነት ጀምሮ ወደ ማምሸት እየሄደ ሃያ ዓመት አካባቢ ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ይመለሳል። ልክ ዶርም በምንኖርበት ዕድሜ መሆኑ ነው! ሁላችንም ደግሞ እኩል አናመሽም። ሌሊት አሥር ሰዓት አላርሙ የሚጮህበትን ልጅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሚተኛው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ «ተቻቻሉ» ማለት ቀልድ ነው። ያ አላርም አንዴ ጮሆ አይበቃውም። ባለቤቱ ሳይነቃ አምስቴ ይጮሃል፣ አምስቴም የሚነቃው ሌላው ነው። ቅጹ ላይ አራት አምስት ጥያቄ ጨምሩ። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? በመብራት መተኛት ትችያለሽ? የምታጠኑት ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ላይብረሪ? ሌላው ይቅር።

በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዶርሜቶች ዓመቱ ሲጀመር ቁጭ ብለው ስምምነት ይጽፋሉ። መብራት መቼ ይጠፋል፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን መቼ ይጠርጋል፣ የማን ዕቃ ይነካል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ። የጋብቻ ውል ነው እንዴ? አሁን አልስቅም። ደፋር ልጅ ወረቀት አያስፈልገውም፤ «ድምፅ ቀንሱ» ይላል፣ ይቀነሳል። ወረቀት የሚያስፈልገው ለዚያ ከበሩ ጀርባ ለተኛው ልጅ ነው። «መብራት ማጥፋት በተራ ነው ተባብለን የለ?» ለማለት የሚጠቁመው ነገር ቢኖረው ኖሮ፣ እኔ በበኩሌ አፍሬ እነሳ ነበር።

ስምምነቱ ሳይሠራ ሲቀርስ? አንዲት ጓደኛዬ ክፍል ለመቀየር ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዳ ነበር። የጠየቋት ጥያቄ ይህ ነው።

«ተደባድባችኋል?»

«አልተደባደብንም።»

«ተሰራርቃችኋል?»

«አይ።»

«እንግዲያው ምን ሆናችሁ? ሂጂና ታረቁ።»

ከማን ጋር ትታረቅ? አልተጣሉም እኮ። አንዷ ሙዚቃ ከፍታ ነው የምታጠናው፣ ሌላዋ ዝምታ ትፈልጋለች። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው። ክፍል ለመቀየር ደም መፍሰስ አለበት የሚል አሠራር ካለ፣ ሰው ወይ ይታመማል ወይ ደም ያፈሳል። ሴሚስተሩ በተጀመረ በወሩ ምክንያት ሳይጠየቅ መቀየር የሚቻልበት አንድ ሳምንት ክፈቱ። የሚፈልግ ይቀያየር። ፕሮክተሮችንም አሠልጥኗቸው። ቁልፍ መያዝና ስም መመዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ሰው አስቀምጦ ማነጋገርም ሥራ ነው። ደመወዛቸውም ያንን ይምሰል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ታናሽ እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስለምትገባ ነው። ሰሞኑን ስለ ዶርም ስትጠይቀኝ የሚያስቁትን ነገርኳት፣ ያንን አልነገርኳትም። «ሦስት ሆናችሁ ከገባችሁ ሦስተኛዋን አውሪያት» ብቻ አልኳት። ሦስተኛዋ ራሷ ልትሆን እንደምትችል ያሰብኩት ከተለያየን በኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለውን የአልጋ ጭማሪ ከመፈረማችሁ በፊት አንዳችሁ ሄዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ሁለት ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ ባለው አልጋ ላይ። ስልካችሁን ቻርጅ ማድረግ ከፈለጋችሁ ልጆቹን ጠይቁ፣ እምቢ አይሏችሁም። ማብሪያ ማጥፊያው ከራስጌያችሁ በላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የዶርም ነዋሪ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ